ለማርያም የተሳለው ቅጠል

ኅዳር 28፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ምድጃው ጠፍቷል። እንደገና። እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ሻጩ ግን ደረቅ ነው ብሎ ምሎልኛል። በሩን ስከፍት ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው፣ ውርጩ ሣሩን አድርቆታል፣ ስረግጠው ኩርሽም ኩርሽም ይላል። እየሮጥኩ ሄድኩ። ተክሎቹን በማሳድግበት ላስቲክ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ወርዷል። ግን አልሞቱም። ጥቂቶቹ ቅጠላቸውን ጥለዋል፣ ያኮረፈ ሰው ይመስላሉ። እሳቱን እፍ ስል ዓይኔ በጭስ ጠፋ። አሁን ሞቋቸዋል። እኔ ግን እግሬ እስካሁን አልሞቀም።

ስማ ደብተሬ፣ ስሙን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ካናቢስ ነው። ቲማቲም አይደለም። የበርበሬ ችግኝም አይደለም። እማ እንደምትለው «የውጭ አገር መድኃኒት» ነው? ሳምሶንን ብትጠይቀው አዎ ይልሃል። ሳምሶን የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ገንዘቡን፣ ላስቲኩን፣ መብራቱን፣ ዘሩን ያመጣ እሱ ነው። መሬቱ የአባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ጉልበቱና ዲግሪው የኔ። ለውጭ ገበያ ነው፣ ለሕክምና ነው፣ ፈቃዱ ቢሮ ላይ ነው ይለኛል። የትኛው ቢሮ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። መልሱን ስለምፈራው ነው።

ታኅሣሥ 3፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል

መብራቱን አበራሁ። ፀሐይ ስትገባ እኔ አበራለሁ፤ ሥራዬ ይኼ ሆኗል። ላስቲኩ በሞላ ሮዝ ይሆናል፣ ወደ ገሳይ ከሚወስደው መንገድ ላይ ይታያል። የሠፈሩ ጎረምሶች «እነ እታለም ቤት ሰርግ አለ» እያሉ ያልፋሉ። እታለም እናቴ ናት፣ አለምነሽ። እሷ አትቆጣም። ይሣቁ፣ ሲታመሙ ይመጣሉ ትላለች።

ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ ወርጄ አምፖል ገዛሁ። ለቲማቲም ነው ስለው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ሰይድ ሣቀብኝ። «ምን ዓይነት ቲማቲም ነው ማታ ማታ የሚያጠና? ፈተና አለበት እንዴ?» አብሬው ሣቅሁ። ሰይድ ሞኝ አይደለም፣ አምፖሉን በጋዜጣ ሲጠቀልል ቀና ብሎ አየኝ። ለእናትህ ሰላም በልልኝ ብቻ አለኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ከሰዓት

ውሸቱ እንዴት እንደተወለደ ልጻፍ። ችግኞቹ ገና ጣት ሲያክሉ እማ ጎንበስ ብላ ይኼ ምንድን ነው አለችኝ። መድኃኒት ነው አልኳት። ያን ያህል ነው፣ ሌላ አልጨመርኩም። ጊዜ አግኝቼ ያሰብኩት ነገርም አይደለም፣ ከአፌ አመለጠ። እሷ ግን ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ በየጸሎቱ የምታለቅስ ሴት ናት። ተንበርክካ ያየኋትን እናቴን በምን አፌ ላስነሣት?

ከዚያ ወዲህ በየሄደችበት ታወራዋለች። ለቅሶ ቤት፣ ገበያ፣ የማርያም ማኅበሯ ላይ። ልጄ መድኃኒት ያበቅላል፣ በእሳት እያሞቀ፣ በመብራት እያሳደገ። ሰዎቹም ያምኗታል። እዚህ አገር ቅጠል የሚያውቅ ሰው ይከበራል፣ ይፈራልም። በመንገድ ሳልፍ ሽማግሌዎች ቀድመውኝ ቆብ ማንሣት ጀምረዋል። አፍራለሁ። እውነቱን ልንገርህ አይደል፣ ትንሽም ደስ ይለኛል።

ታኅሣሥ 9

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ። ገመዱን ስጎትት ትከሻዬ ሊገነጠል። በመጨረሻ ተነሣ፣ አገሩን በጩኸት አናጋው። ሳምሶን፣ ከእንግዲህ ሳ. ልበለው፣ ደወለ። አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለ ተክሉ ነው፣ ቀጥሎ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለኔ አልጠየቀም። ፈቃዱስ አልኩት። «እየተሠራ ነው ወንድሜ፣ አንተ ቅጠልህን ጠብቅ።» ቅጠልህን አለኝ። እስከ ዛሬ «ቅጠላችን» ነበር የሚለው።

ታኅሣሥ 17፣ ጠዋት

አያ ታደገ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ በሕይወት ሳለ በሬ አጣምረው አብረው ያረሱ፣ ከሞተ በኋላም ማሳችንን ያላስነጠቁ ሰው። ሆዳቸውን ካመማቸው ቆይቷል። ሆስፒታል መርምሮ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ቤታችሁ ግቡ ብሏቸዋል። ከስተዋል። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ አልቀመጥ ይላል።

ላስቲክ ቤቱ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስለ ገብሱ አወሩ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ወንድማቸው ልጅ። የመጡበትን ነገር አልተናገሩም። እኔም አውቄዋለሁ፣ እሳቸውም ማወቄን ያውቃሉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው «ይኼ ነገር ይደርሳል መቸ?» አሉኝ። ገና ነው አያ፣ አልበሰለም አልኳቸው። «እሽ። እኔም ገበሬ ነኝ፣ ዘር እስኪደርስ መጠበቅ አይከብደኝም» አሉና ተነሥተው ሄዱ። መንገዱን ሦስት ጊዜ ቆመው አርፈው ነው የጨረሱት። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሮጬ ሄጄ እውነቱን ልነግራቸው ፈለግሁ። አልሄድኩም፣ እንጨት ልጨምር ገባሁ።

ታኅሣሥ 24

ማበብ ጀምረዋል። ሽታቸው ከባድ ነው፣ ልብሴ ላይ ይቀራል። እማ አፍንጫዋን ይዛ ገባችና ጥሩ ነው አለች። የማይሸት መድኃኒት አታምንም። ንስሐ አባታችንን መምሬ ይርዳውን ጠርታ ጸበል አስረጨችው። መምሬ በመስመሮቹ መካከል እየዞሩ ረጩ፣ ጸሎት ደገሙ። ስሙ ማን ይባላል ልጄ አሉኝ። በፈረንጅኛው የሳይንስ ስሙን ነገርኳቸው። «ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው ባረኩኝ። ጸበሉ ፊቴን ሲመታኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዛሬ ማታ መብላት አልቻልኩም። ጾም ነው ብዬ ሸወድኳት። ጾሙ ግን ሽሮ አይከለክልም።

ታኅሣሥ 30፣ ከሰዓት 9 ሰዓት



ጠዋት ገበያ ነበርኩ። ስመለስ የአያ ታደገ ሚስት እሪ እያለች መንገድ ላይ አገኘችኝ። እማ ለበዓሉ ወተት ይዛላቸው ሄዳ፣ ከኔ ላስቲክ ቤት ቅጠል ቆርጣ አፍልታ አጠጥታቸዋለች። ለምን መጠበቅ አስፈለገ፣ ሰውዬው እየሞተ ነው፣ ልጄ እኮ ልቡ ለስላሳ ነው አይቆጣም ብላ። ሮጬ ስደርስ አያ መሬት ላይ ወድቀዋል። ጣራው ይዞርብኛል፣ ሰዎች ይሥቁብኛል ይላሉ። ልባቸው ይመታል፣ በእጄ ስይዘው ይሰማኛል። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ግማሹ በቡዳ ተበላ ይላል፣ ግማሹ ጋኔን ነው ይላል። መምሬ ጸበል ይዘው መጡ። እማ ብቻ አልደነገጠችም፦ «ተዉት፣ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር እየታገለ ነው!»

ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠኋቸው። ያልፋል አያ፣ ያልፋል እያልኩ። ቢሞቱስ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በስተቀር ምንም አላሰብኩም። ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው አልኩ፣ ምን ጠጡ ሲሉኝ ምን እላለሁ ብዬ ደግሞ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ጻፈው። እያሰብኩበት ሳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጥር 1

ነቁ። እህል ቀመሱ። ደህና ናቸው።

ግን ስማ ምን እንዳሉ፦ «ይህን ያህል ጊዜ ሕመም ሳይቀሰቅሰኝ ተኝቼ አላውቅም።» እያለቀሱ ነው ያሉት። የእማን እጅ ሳሙ፣ የኔንም ሊስሙ ሲሉ ሸሸሁ። አሁን ምን ልበል? ጎዳቸው ልበል? ጎድቷቸዋል፤ ትናንት የሚሞቱ መስሎኝ ነበር። ጠቀማቸው ልበል? ተኝተዋል። ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልመጣብኝም። ሳ. ለሕክምና ነው ሲል እሱ የሚያስበው ሕመምተኛ የት እንዳለ እንጃ። የኔ ሕመምተኛ ግን እዚህ አጥር ማዶ ነው። የሚጠጣውን አያውቅም፣ መጠኑን የሚያውቅም ሰው የለም።

ጥር 4

በር ላይ ሰው ተሰለፈ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መጣች። ሕፃን! ያስለዋል አለች። አይሆንም አልኳት። ብር አለኝ ብላ መቀነቷን ስትፈታ ጮህኩባት። ጮኼ አላውቅም። እማ ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ አለች። ሴትየዋ ሕፃኑን ይዛ ስትሄድ ወደ ኋላ እያየች ነበር፣ አንድ ነገር የነፈግኋት መስሏት። የላስቲክ ቤቱን በር በቁልፍ ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ ነው ያሰርኩት፣ ክታብ ይመስል።

ጥር 8፣ ማታ

ዛሬ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ወይም ድሮም የተበላሸው ዛሬ ታየኝ።

እማ እራት ላይ ደስ ብሏት ነገረችኝ። ሥራ አጥቼ በተቀመጥኩ ጊዜ ለማርያም ተስላለች። ልጄ ሥራ ካገኘ በኩራቱ ያንቺ ነው ብላ። በገብሱም በጤፉም እንዲሁ ታደርጋለች፣ ከማሳው የመጀመሪያው ነዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይቀምሰው። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። እና አሁን የላስቲክ ቤቱን በኩራት ለአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 21፣ ልትወስድ ነው። ከሁሉም ያማረውን ተክል መርጣ ነጭ ክር አስራበታለች። እኔ ክሩን አይቼው ነበር፤ ዘንበል እንዳይል ያሰረችው መስሎኝ።

ለመምሬ ነግራቸዋለች። መምሬም ለሕዝቡ ነግረዋል። ከቅዳሴ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት ትቆማለች፣ ነዶውን ታቀርባለች፣ መምሬ ይባርኩታል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ከሕዝቡ መሐል ደግሞ የፖሊስ አዛዡ አለ። የግብርና ባለሙያዎቹ አሉ። ቅጠሉን ሲያዩ የሚያውቁት ሰዎች።

እናቴ ካናቢስ አቅፋ ማርያም ፊት ቆማ። በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት። ለራሴ ፈራሁ፣ አልዋሽህም፣ መጀመሪያ የታየኝ እስር ቤት ነው። ቀጥሎ ግን ፊቷ ታየኝ፣ አዛዡ ጠጋ ብሎ ወ/ሮ አለምነሽ ይኼን ከየት አመጡት ሲላት። ከዚያ ወዲህ እስር ቤቱን ረሳሁት።

ጥር 12

ጥምቀት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ታቦቱን ተከትዬ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ሰው ሲዘል እኔ ጥር 21ን እያሰብኩ ነው።

ሳ. ደወልኩለት። ሣቀ፣ ከልቡ ሣቀ። ከዚያ አንድ መላ ነገረኝ፦ ሌላ ቅጠል ቆርጠህ እሰርላትና ይኼ ነው በላት። አሮጊት ምን ታውቃለች አለ። እማን አያውቃትም። አሪቲና ጤና አዳም፣ በሶብላና ቀጠጥና በጨለማ በማሽተት ብቻ የምትለይ ሴት ናት። ለእሷ ሌላ ቅጠል መስጠት ለሰይድ የተቃጠለ አምፖል አዲስ ነው ብሎ እንደ መሸጥ ነው። ይኼንን ስነግረው ሁለተኛ መላ አመጣ። ጥር 19 መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ሁሉንም እንቆርጣለን፣ ገዢው ድንገት መጥቶ ወሰደው ትላታለህ። ስለቱስ አልኩት። «ስለቱን በጥሬ ገንዘብ ትክፈል፣ ማርያም ብር አትጠላም።»

ደብተሬ፣ እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። በሳ. አይደለም። ሁለተኛው መላ ጥሩ ነው ብዬ ባሰብኩት በራሴ ነው። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩበት። ይሠራል። እማ ታዝናለች ግን ታምነኛለች። አያ ታደገ ይጠብቃሉ። በሚቀጥለው ዘር እሰጥሻለሁ ብላ ለማርያም እንደገና ትሳላለች። እኔም እንደገና አበቅላለሁ። መጨረሻው የት ነው?

ጥር 15፣ ጠዋት

እማ በየጠዋቱ ክር ያሰረችበትን ተክል ልታይ ትመጣለች። ቁልፉን እከፍትላታለሁ። «እንደምን አደርሽ» ትለዋለች፣ በሴት ነው የምትጠራው። እኔ እንጨት እፈልጣለሁ፣ አንገቴን ቀና አላደርግም። ዛሬ ጠራችኝ። ከስተሃል አለች። ሥራው በዝቶብኝ ነው አልኳት። ሥራ ሰውን አያከሳም፣ ሌላ ነገር ነው እንጂ አለች። ትንሽ ጠበቀችኝ። እንድናገር ጊዜ ሰጥታኝ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። አልተጠቀምኩበትም።

ጥር 18፣ ከሰዓት

ነገርኳት።

ላስቲክ ቤቱ ውስጥ፣ እንጨቱ ክምር ላይ ተቀምጣ። መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። እማ፣ ይኼ ተክል ከተማ ውስጥ ወጣቶች የሚያጨሱት ነው አልኳት። በመንግሥት የተከለከለ ነው። ሌላ አገር መድኃኒት ያደርጉታል፣ ሐኪም መጥኖ ነው የሚሰጠው።

«ሌላ አገሩን ተወው። እዚህ ምንድን ነው?»

እዚህ ወንጀል ነው አልኳት።

አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተክሎቹን በየተራ አየቻቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታያቸው ይመስል። ከዚያ አያ ታደገን አስታወሰች። ፊቷ ላይ ሲመጣባት አየሁት። «እጄ ቅጠሉ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። «በር ላይ ቁልፍ ያላደረግህ ለምንድን ነው ታዲያ?» የተቆለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ያለኝ መልስ ቢኖር አንቺ ደስ ብሎሽ ነበር የሚል ነው፣ እሱንም መናገር አፈርኩ።

ተነሣች። ወጣች። ምሳ አልሠራችም። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው።

ጥር 19፣ ከሰዓት

ዛሬ ጠዋት ሳትነግረኝ አያ ታደገ ቤት ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። ሁሉንም ነግራቸዋለች። ያጠጣሁህ መድኃኒት አይደለም፣ ሳላውቅ ነው፣ ይቅር በለኝ ብላ። እሳቸው ምን አሉ አልኳት። «ያስተኛኝ እሱ ከሆነ ኃጢአቱ በኔ ይሁን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚኝ» ብለዋታል። እምቢ ብላ መጣች። መንገዱን እያለቀሰች።

ይኼን ስሰማ የተሰማኝን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ተክሉን ስለማጥፋት እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ግን ሰውዬው ዛሬ ይተኛሉ? አይተኙም። ይኼን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እንቅልፍን አቅምሼ ነጠቅኳቸው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷን አነጋገርኩ። ለእንዲህ ዓይነት ሕመም ማስታገሻ አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ባሕር ዳር ትልቁ ሆስፒታል ይሰጣል አለችኝ። ቤታችሁ ግቡ ሲባሉ ይኼን ማንም አልነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም፣ አያ ታደገ ሐኪምን የሚጠይቁ ሰው አይደሉም። ሰኞ ወረቀታቸውን ይዤ እኔ እወስዳቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ካልታሰርኩ። ከታሰርኩ የወንድማቸው ልጅ ይወስዳቸዋል፤ ነግሬዋለሁ፣ የሚሄድበትን ክፍል ጽፌ ሰጥቼዋለሁ።

ሳ. ዛሬ ሊመጣ ነበር። መኪናው ተበላሽቶ ነገ እመጣለሁ አለ። እሺ አልኩት። ነገ ምን እንደሚያገኝ አልነገርኩትም።

ጥር 20

ትናንት ፀሐይ ስትገባ መብራቱን አላበራሁም። ምድጃው ላይ እንጨት አልጨመርኩም። የላስቲኩን ግራና ቀኝ እስከ ጣራው ጠቀለልኩት። እማ መጥታ በሌላኛው ወገን ገመዱን ያዘችልኝ። ከዚያ ውርጩ ሥራውን ሠራ፣ ሊለመን አላስፈለገውም። ጠዋት ሁሉም ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ስንት ጊዜ ከዚህ ውርጭ ልታደጋቸው ሮጫለሁ።

ነቀልናቸው። እማ ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ፣ እንክርዳድ እንደምትነቅል። ክር ያለበትንም ሳትለይ ነቀለችው። አባቴ በቆፈረው አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ከመርነውና አፈር መለስንበት። ማቃጠል አስቤ ነበር፤ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ሳስብ ተውኩት። ሠፈሩን በሙሉ ማስከር ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሳ. ደወልኩለት። አትምጣ፣ ውርጭ መታው አልኩት። ከዚያ ደግሞ አይ፣ እኔ ነኝ ያስመታሁት አልኩት። ሲናገር ድምፁ ተለውጧል። መሬቱ ያንተ ነው፣ ምድጃው ላይ ያለው አሻራ ያንተ ነው፣ የኔ ስም የትም የለም አለ። እውነቱን ነው። ስልኩን ዘጋው። ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር እቆማለሁ።

ማታ 1 ሰዓት

አለቀ መስሎኝ ነበር። ማስረጃው አፈር ለብሷል። እማ ነገ ታማለች እንላለን፣ ቤተ ክርስቲያን አንሄድም፣ ውርጭ አጠፋው እንላለን። ይኼም እውነት ነው፣ ውርጭ ነው ያጠፋው። ሰው ያዝንልናል።

ይኼን ስነግራት እማ ሰምታ ሰምታ፦ «በሰው ፊት ያሞገስኩህበትን ነገር በጓዳ አልመልሰውም» አለች። ሕፃን ያዘለችው ሴት ሌላ ቅጠል ፍለጋ ሌላ ቤት ብትሄድስ አለች። አያ ታደገ ተኙ የሚለው ወሬ እስከ አንበሳሜ ገበያ ደርሷል። እውነቱ በዚያው መንገድ ካልሄደ አያልቅም አለች።

መምሬ ጋ ሄዳ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንደሚጠብቅ፣ የመናገር ዕድል እንደሚሰጡን ነግረዋታል። ለኔ ደግሞ መልእክት ልከዋል፦ የፖሊስ አዛዡ እንደሚኖር ልጁ ይወቅ፣ ሳያውቅ እንዳይመጣ ብለው። ደግ ሰው ናቸው። ጸበላቸውን በዚያ ነገር ላይ አስረጭቼ አሁን እሳቸው ለኔ ይጨነቃሉ።

እናገራለሁ አልኳት። አሰብኩበት ልልህ አልችልም፣ አሰብኩና አልኩ አይደለም። ዝም ብዬ አልኩ።

ጥር 21፣ ንጋት

ደወሉ ተደውሏል። የምለውን ልጽፍ ሞክሬ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። አንዱ እንደ ይግባኝ ሆነ። አንዱ የተክል ሳይንስ ትምህርት ሆነ። ሳ.ን የሚከስ ደግሞ ጻፍኩ፣ እሱን ቀደድኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ መድኃኒት ነው ብዬ የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ከዚያ የሚመጣውን የሚጠይቀኝ ሰው ያወጣዋል።

ሱሪዬን ወፍራሙን ለበስኩ፣ ካሰሩኝ ብርድ ነው ብዬ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሳስብ ራሴን ታዘብኩት።

እማ ቀድማ ተነሥታ ተዘጋጅታለች። ነጩን ነጠላዋን አጣፍታለች። በማርያም ቀን ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም፣ ወይ ጧፍ ወይ ዳቦ ወይ ነዶ ትይዛለች። ዛሬ ምንም አልያዘችም። እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት አንዴ ነጠላዋ ውስጥ ትከታቸዋለች፣ አንዴ ታወጣቸዋለች። አላስቻለኝም። እማ፣ ስለት እኮ ስለት ነው፣ ምን ይዘሽ ልትቆሚ ነው አልኳት።

«አንተን ይዤ ነዋ» አለች።

በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ጫማዬን ላጥልቅና